በር ላይ የጎረስኩት እርጎ

እናቴ በሩ ላይ ቆማ መውጫ ከለከለችኝ። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ ከበሩ እጀታ ብዙም አይዘልም፣ ግን እሷ በቆመችበት በር ዝሆንም አያልፍ። በግራ እጇ ትንሽ የብረት ሳህን፣ በቀኝ እጇ ማንኪያ ይዛለች። ሳህኑ ውስጥ ያለውን ሳላየው አውቀዋለሁ፤ ማታ የረጋ እርጎ፣ ላዩ ላይ ስኳር የተነሰነሰበት። እኛ ቤት ፈተና የሚቀመጥ፣ ሥራ የሚጀምር፣ ፍርድ ቤት የሚቀርብ፣ ሚስት ሊያጭ የሚሄድ ሰው ይህን ሳይጎርስ ደፍ አይሻገርም። «ሞሩ፣ አፍህን ክፈት» አለችኝ። ሙሉ ስሜ ሞሬሽዋር ቴምቤ ነው። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ፀጉሬ ካለቀ ቆይቷል፣ ዶክተር ነኝ። ከፈትኩ። አጎረሰችኝ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ደገመችኝ። ሦስተኛውን እንኳ በሷ አላመካኝም፣ ከማታ ጀምሮ ርቦኝ ስለነበር አፌን ሳልዘጋ ቆሜ ጠበቅኳት።

ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። በሦስት ሰዓት ደግሞ ሆስፒታል ተጋድሜ ቡአዬ ሊሰፋልኝ ቀጠሮ አለኝ። ቡአ ማንንም ይይዛል፣ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ሥራዬ ነው። እኔ ሰመመን ሰጪ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሳስተኛና ስቀሰቅስ የኖርኩ፣ ተማሪዎቼን ገና በመጀመሪያው ቀን «ሆዱ ባዶ ያልሆነ አይተኛም!» እያልኩ በአንድ ድምፅ የማስጮህ ሰው ነኝ። ምክንያቱን ለገበሬውም ለዳኛውም በአንድ ቋንቋ ነው የማስረዳው፤ ጉሮሮ ላይ ዘበኛ አለ፣ መድኃኒቱ አንተን ሲያስተኛህ ዘበኛውንም አብሮ ያስተኛዋል፣ ያኔ ሆድህ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ይመጣና ሰተት ብሎ ሳንባህ ይገባል። ውሃ ከሆነ ሁለት ሰዓት፣ ወተትና እርጎ ከሆነ ስድስት ሰዓት፣ ቅባት ያለው ምግብ ከሆነ ስምንት ሰዓት ትጠብቃለህ። ይህን ሠንጠረዥ በማራቲና በሂንዲ አስጽፌ በየአልጋው ራስጌ ያስለጠፍኩት እኔ ነኝ። ከግርጌው ስሜም አለበት።

ሚስቴ ሹብሃንጊ ሻንጣዬን ጭኗ ላይ አድርጋ ባጃጁ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ግንቦት ነው፣ ከተማችን ናግፑር በግንቦት ገና ሳይነጋ ነው የምትግለው፤ የባጃጁ ወንበር ሱሪዬን ዘልቆ ይጠብሰኛል። ሁለት መንገድ እንደታጠፍን ሹብሃንጊ የሳሪዋን ጫፍ ይዛ ከንፈሬን ጠረገችልኝ። ጨርቁን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ትነግራቸዋለህ አይደል?» አለችኝ። «እርጎ እኮ ነው» አልኳት። «ሁለት ማንኪያ።» «ሦስት» አለች። «እሺ ሦስት። ምርቃት ነው እንጂ ምግብ አይደለም።» ይህን ከአፌ ሳወጣው ለገዛ ጆሮዬም ቀፈፈኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስሰማው የኖርኩት ነው፤ «ሻይ እኮ ነው ዶክተር»፣ «ሙዝ እኮ ነው»። አንዱማ አራት የተጠበሰ ዳቦ በድንች ጥርግ አድርጎ በልቶ መጥቶ «ቁርስ አልበላሁም፣ ይሄን የበላሁት መንገድ ላይ ነው» ብሎኛል። እሱን ያን ቀን አዋርጄ ነው የመለስኩት። ሹብሃንጊ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል ሳትናገር በባጃጁ ቀዳዳ ውጭ ውጩን ማየት ጀመረች። የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት፤ ዝምታዋ ግን ለሁሉም የትምህርት ዓይነት ይሆናል።

ነገሩ እርጎው ብቻ ቢሆን ኖሮ እናገር ነበር፤ ቢያንስ አሁን እንደዚያ እላለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ኩንዳ የምትባል ሙሽራ የሐሞት ጠጠር ልታስወጣ መጣች። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፣ የእጇ ሂና ገና አልደበዘዘም። «በልተሻል?» አልኳት። «አልበላሁም።» «ጠጥተሻል?» «አልጠጣሁም።» ጋሪዋን ገፍታ ያመጣቻት ጊርጃ ማውሺ ነበረች። ማውሺ አክስት ማለት ነው። እኛ ዘንድ በሽተኛ የምታጥበውን፣ የምታለብሰውን፣ የምትገፋውን ሴት ሁሉ ማውሺ እንላታለን፤ ስናዛት አክስታችን ናት፣ ስንወነጅላት ግን ዝምድናው ይቀራል። እሷ ግን እኛን ሁልጊዜ ሳሄብ፣ ጌታዬ፣ ትለናለች። ጊርጃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ዶክተር ሳሄብ፣ እንደገና ይጠይቋት፣ አማቷ በር ላይ...» ስትል «ማውሺ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» ብዬ አቋረጥኳት። ልጅቷን አስተኛኋት። ገና ቧንቧውን ጉሮሮዋ ውስጥ ሳላስገባ ነጭ ነገር ግንፍል ብሎ ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ መሣሪያ ነበር የሚተነፍስላት። ተረፈች፣ ዛሬ ቤቷ ናት፣ ፈጣሪ ይመስገን። ግን የሰመመን ክፍላችን ኃላፊ ጡረታ ሊወጣ ነው፣ ተተኪው እኔ ነኝ እየተባለ ነው፣ እንዲህ ባለው ሰዓት «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ሙሽራይቱ አልበላሁም እንዳለች ናት። አማቲቱም አልበላችም ትላለች። ጊርጃ ብቻ «እርጎ በስኳር አጉርሰዋታል፣ ከንፈሯ ላይ አይቻለሁ» አለች። ጊርጃ ደግሞ ለተራበ በሽተኛ አንጀቷ እየተንሰፈሰፈ ሻይ ታቀምሳለች የሚባል ወሬ ነበር። «ማውሺዋ ካቀመሰቻት ሻይ በስተቀር ሌላ ምክንያት አይታየኝም» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ሻይ ነጭ እንዳልሆነ የገዛ ዓይኔ እያወቀ።

ጊርጃን ከክፍሉ አስወጥተው ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያ ወረወሯት። የስንብቷ ጉዳይ የሚታየው ደግሞ ዛሬ በስድስት ሰዓት ነበር። እንግዲህ እኔ «ጠዋት በር ላይ ጎርሻለሁ» ካልኩ ጊርጃ እውነቷን ነበር ማለት ነው፤ ጊርጃ እውነቷን ከሆነች እኔ ማን እንደሆንኩ ለማወቅ ኮሚቴ አያስፈልግም። ሰው አይፍረድብኝ፣ ያኔ ሆን ብዬ የዋሸሁ አልመሰለኝም። እኔም እኮ በዚያ በር ስወጣ ሃምሳ ዓመት ጎርሻለሁ፤ አንድም ቀን «በልቼ ወጣሁ» ብዬ አላውቅም። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ የኔ ቢጤ ነበረች መሰለኝ።

ሆስፒታሉ ስንደርስ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ስሜን ጠየቀችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ በር ገብቼ በዚያ በር ወጥቻለሁ። አልተቀየምኳትም፤ የኛ ሙያ ዕጣው ይኸው ነው። በሽተኛው ሲድን ለቀዶ ጥገናው ሐኪም ጣፋጭ በካርቶን ይዞለት ይመጣል፣ በአክብሮት እግሩን ይነካል፤ እኔን ግን ስሜን ነግሬው ሳልጨርስ ስለሚተኛ አያውቀኝም። አንዷ በሽተኛ ከዓመት በኋላ ገበያ መሃል አግኝታኝ ፊቴን ትክ ብላ አይታ «አንተ... በቅዠቴ አውቅሃለሁ» ብላኛለች። ከሙያው ያገኘሁት ትልቁ ምስጋና እሱ ነው።

ሰመመኑን የምትሰጠኝ ዶክተር ሩክሳና ሼክ ነበረች። ተማሪዬ ነበረች፣ አሁን ባልደረባዬ ናት። ትንሽ ልጅ ትመስላለች፣ ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው፣ የምትጽፍበት እስክሪብቶ አንድ ቀን ጠፍቶባት አያውቅም። ልብሴን አስወልቀው ከኋላ በክር የሚታሰረውን አረንጓዴ ጋውን አልብሰውኛል። አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሰር፣ የመጨረሻ ምግብ?» «ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሩዝ በምስር።» «ከዚያ ወዲህስ?» «ምንም» አልኳት። ምላሴ ትንሽ እንኳ አልተደናቀፈም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አንድ ነገር ቢደርስብኝ የምትዋረደው እሷ መሆኗን እያወቅኩ ነው እንደዚያ ያልኩት። ሩክሳና ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ክዳኑ ውስጥ ከተተችና «እሺ ሰር። ጠዋት ሲወጡ በር ላይ የቆመው ማን ነበር?» አለችኝ።

«እናቴ» አልኩ።

«ምን አጎረሱዎት?»

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚህ ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ይንሿሿል፣ ሹብሃንጊ ሻንጣውን እንዳቀፈች ጥግ ቆማለች፣ ሩክሳና ደግሞ እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ቤተሰብ ነበር የምታየኝ። «እርጎ በስኳር» አልኳት። «ሦስት ማንኪያ። አንድ ሰዓት ላይ።» ሹብሃንጊ ትንፋሿን ለቀቀች። ሩክሳና አልሳቀችም፣ አልተገረመችም፣ «ምንም» የሚለውን ሰርዛ ከላዩ ጻፈችበት።

«ይሄን አጠያየቅ ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ከጊርጃ ማውሺ። ልብስ ማጠቢያ ድረስ ወርጄ ጠየቅኳት። ‹በልተሃል ወይ ካልሻቸው አልበላንም ይላሉ፣ አልዋሹም፤ በር ላይ ማን ነበር በያቸው› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ሰው ጠየቅኩ ሰር። ሰባቱ ጎርሰው ነው የመጡት። ልነግርዎት ሁለት ቀን ቢሮዎ መጥቼ ነበር፣ በኋላ አሉኝ።» በኋላ ማለቴ ትዝ አለኝ። አንዱን ቀን ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር።

እንግዲህ እስከ ሰባት ሰዓት መጠበቅ ነው። እንደምንም ብዬ «የወገብ መርፌ ከሆነስ አሁን አይቻልም? ከወገብ በታች ብቻ ነው የሚደነዝዘው፣ አልተኛም» ብዬ ብለማመጣት ራሴ ያስተማርኳትን ለራሴ አነበበችልኝ፤ መርፌው ባይሠራ ወይም ማደንዘዣው ወደ ላይ ቢወጣ ማስተኛት ሊያስፈልግ ይችላል፣ ስለዚህ ለወገብ መርፌም ሆድ ባዶ ይሁን። «ደግሞ ሰር፣ በሰባት ሰዓትም ቢሆን የወገብ መርፌ ነው የምሰጥዎት። ከዛሬ በኋላ ሆድዎን አላምነውም» አለችኝ። ይህ ነው እንግዲህ ያንቀጠቀጠኝ። ለበሽተኛ ሁሉ «ለቡአ ከወገብ መርፌ የተሻለ የለም» እያልኩ የምሰብክ ሰው ለራሴ ሙሉ ሰመመን ነበር ያዘዝኩት። መርፌ እፈራለሁ። ይህን ከሹብሃንጊ በስተቀር የሚያውቅ የለም፣ አሁን እናንተም አወቃችሁ። ቀዶ ጥገናውን የሚሠራልኝ ዶክተር ዋግማሬ ወሬውን ሰምቶ እየሳቀ ብቅ አለ። «ቴምቤ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ኦፕራሲዮኔን ስታሰርዝብኝ ኖርክ፣ ዛሬ የራስህን አሰረዝክ!» ብሎ ተረኛውን በሽተኛ ይዞ ሄደ።

አልጋ ቁጥር አራት ላይ አጋደሙኝ። ስምንት አልጋ ያለበት ክፍል ነው፣ በመስኮቱ በኩል ውሃ የሚረጨው ማቀዝቀዣ እርጥብ ሣር ሣር የሚል አየር ያመጣል፣ አንሶላው ስታርች በዝቶበት ይንኮሻኮሻል። ቀና ስል ራስጌዬ ላይ የኔው ሠንጠረዥ ተለጥፏል፤ ወተትና እርጎ ስድስት ሰዓት፣ ዶክተር ኤም. ቴምቤ። ጎረቤቴ የሐሞት ጠጠር የሚወጣለት ባለሱቅ ነው፣ እሱም እየጾመ ነው። «አንተስ ምን ሆነህ ዘገየህ?» አለኝ። «እርጎ በልቼ» አልኩት። «እርጎ እኮ ምግብ አይደለም!» ብሎ ተቆጣልኝ። «እነዚህ ሰመመን ሰጪዎች የሚባሉት ሰው ማስራብ ይወዳሉ፣ ሌላ ሥራ የላቸውም» አለ። እኔም «የላቸውም» አልኩት። ሹብሃንጊ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ትንሽ ቆይቶ መድኃኒት ቤት የጎደለ ነገር አለ ተብላ ተጠራች፤ ሱሪዬና ሸሚዜ ያሉበትን ሻንጣ እንዳነገተች ወጣች።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ፣ ሩብ ጉዳይ ሆነ። ስለ ስብሰባው ማሰብ ትቼ ስለ መርፌው ላስብ ሞከርኩ፣ አልሆነም። እውነቱን ልናገር፣ ለሩክሳና መናገሬ ይበቃል የሚል ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር። ስድብ ጠግቤያለሁ፣ አምስት ሰዓት ተርቤያለሁ፣ ዛሬ በሽተኛ ነኝ፣ ነገ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ነገማ ጊርጃ ቤቷ ገብታለች። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት አብራኝ የሠራች ሴት በዚህች ሰዓት ቢሮ በር ላይ ቆማ እንደምትጠብቅ ታየኝ፣ እሷን ቁጭ በይ የሚላት የለም። አንሶላውን ገፍፌ ተነሣሁ። ሱሪዬ ሹብሃንጊ ጋ ነው። ጋውኑ ከኋላው ሁለት ክር አለው፣ የላይኛው ታስሯል፣ የታችኛው ጌታ ያውቀዋል። በአንድ እጄ ኋላዬን ጨብጬ፣ በሆስፒታሉ ነጠላ ጫማ እየተንሸራተትኩ ደረጃውን ወረድኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ያላወቁኝ ሰዎች ሁሉ ያን ቀን «ደህና ዋሉ ዶክተር ቴምቤ» አሉኝ።

የሥራ አስኪያጁ የአቶ ኡፓሳኒ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰዎች ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ጊርጃ እንደጠረጠርኩት በሩ ጥግ ቆማለች። ከስታ ነበር። እጇ በማጠቢያው ሶዳ ነጥቷል፣ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። ኡፓሳኒ ሲያየኝ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ዶክተር ቴምቤ፣ እርስዎ ዛሬ...» አለና ወደ ጋውኑ ተመለከተ። ተናገርኩ። ስለ እናቴ፣ ስለ ሦስቱ ማንኪያ፣ ስለ ኩንዳ፣ ጊርጃ ልትነግረኝ ስትል አፏን ስለማስያዜ፣ ቅጹ ላይ ስለ ጻፍኩት፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ስጨርስ ኡፓሳኒ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዶክተር፣ ማደንዘዣ ተሰጥቶዎታል እንዴ?» አለኝ። ወይ ጉድ! ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው ፊርማ አይጸናም የሚለውን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። «አልተሰጠኝም» አልኩት። አላመነኝም። «ከመቶ ጀምሬ ሰባት ሰባት እየቀነስኩ ልቁጠርልህ» አልኩና ጀመርኩ፤ ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ። ሰባ ሁለት ላይ ስደርስ «ይበቃል፣ ይበቃል» ብሎ ወረቀት ገፋልኝ። የድሮውን ሰርዤ አዲስ መጻፍ አለብኝ። ጥፋተኛ የሚለው ቦታ ላይ ስም ይፈልጋሉ፣ ባዶ አይተውም። ወረቀቱ በማራገቢያው ይበራል። በአንድ እጄ ያዝኩት፣ በሌላው መጻፍ ጀመርኩ፣ ሞሬሽዋር ብዬ ቴምቤ ላይ ስደርስ ነው ኋላዬን የያዘ እጅ እንደሌለ የገባኝ። ከበሩ በኩል ነፋስ ተሰማኝ። ቀጥሎ ሁለት እጅ ወገቤ ላይ መጥቶ የታችኛውን ክር ሳብ አድርጎ አሰረው። ሳላየውም ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህን ቋጠሮ በሆስፒታሉ ውስጥ እንደዚያ የሚያስረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ፈረምኩ። የሰመመን ክፍሉ ኃላፊነት ለሌላ ሰው እንደሚሆን ኡፓሳኒ ሳይነግረኝ ከአተነፋፈሱ አወቅኩ።

በሰባት ሰዓት ከሩብ ቀዶ ጥገናው ክፍል ጠባቡ አልጋ ላይ እግሬን አንጠልጥዬ ተቀመጥኩ። ለወገብ መርፌ ሰው እንደ ድመት ጀርባውን ማጉበጥ አለበት፣ ከፊት ሆኖ ትከሻውን የሚይዘው ሰውም ያስፈልጋል። የያዘችኝ ጊርጃ ናት። ሩክሳና ናት ከምድር ቤት ያስጠራቻት። ግንባሬን ትከሻዋ ላይ አስደገፈችኝ፣ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። «ጊርጃ ማውሺ» አልኳት ወደ ትከሻዋ ውስጥ፣ «በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።» «አሁን አይናገሩ ዶክተር ሳሄብ፣ ሲናገሩ ይንቀሳቀሳሉ» አለችኝ። ከኋላዬ ሩክሳና «ሰር፣ እንደ ጉንዳን ንክሻ ነው» አለች። የኔ ቃል ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ጉንዳን ነው ብያለሁ። እኔ እንደዚያ ያለ ጉንዳን አላውቅም! ጉንዳን ነው ያልኳቸው ሰዎች ሁሉ ተሰልፈው መጥተው ቢረግሙኝ አልፈርድባቸውም፤ ጮህኩ፣ እናቴን ጠራሁ፣ ጊርጃ ደግሞ ራሴን ይዛ «አይዞን፣ አይዞን፣ አለቀ» እያለች እንደ ሕፃን አባበለችኝ። ቀጥሎ እግሬ ሞቀ፣ ከበደ፣ ከዚያ የኔ መሆኑ ቀረ። ዋግማሬ ከመጋረጃው ማዶ እያንጎራጎረ ሲሰፋኝ የማስበው አጥቼ የጣሪያውን ሰሌዳዎች ቆጠርኩ።

ማገገሚያው ክፍል እንደገባሁ ሹብሃንጊ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። እናቴ ነች። «ደህና ወጣህ?» «ደህና ወጣሁ እማዬ።» «አየህ! እርጎው ነው» አለች። ምን ልበላት? «አዎ፣ እርጎው ነው» አልኳት። ውሸትም አልነበረም። ስልኩን ስትዘጋ ጊርጃ እግሬን በአንሶላ እየሸፈነች ነበር። ለብቻችን ስንሆን እንደገና ጀመርኩ፤ ደብዳቤው እንደተሰረዘ፣ ክፍሏ እንደተመለሰላት፣ ሁሉም እንደተስተካከለ አወራሁላት። ራሴን ማጽናናቴ እንደሆነ ሳይገባት አልቀረም። «ደብዳቤውማ ይቀደዳል፣ ዶክተር ሳሄብ» አለች። «ምራቴ ግን ደብዳቤ አታነብም። የሰፈሩ ሰው በሽተኛ በሻይ ልትገድል ነበር ብሎ ነግሯታል። ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጄን ላጎርስ ስል ከእጄ ትቀበለኛለች። ‹ተይው እማማ፣ እኔ እሰጣታለሁ› ትላለች። በቁጣ እንኳ አይደለም፣ ቀስ ብላ ነው።» አንሶላውን ከእግሬ ሥር አጠፈች። «ሦስት ሳምንቴ ነው፣ ልጅቷን ከእጄ አጉርሻት አላውቅም።» ያን ያህል ዓመት ሕመም ሳጠፋ ኖሬ ያን ቀን እጄ ላይ ምንም አልነበረም። «ምን ላድርግ?» አልኳት። «እሁድ ቤቴ ይምጡ» አለችኝ። «ከእጄ ሻይ ይጠጡልኝ። ምራቴ እያየች።»

እሁድ ጠዋት ልወጣ ስል እናቴ እንደተለመደው በሩ ላይ ቆመች። የት እንደምሄድ ነግሬያታለሁ፣ ምን እንዳደረግኩም ነግሬያታለሁ፣ ሳህኑ ላይ ከወትሮው አብልጣ ስኳር ነስንሳበት ነበር። ጎረስኩ፣ ሄድኩ። የጊርጃ ቤት ከባቡሩ ሐዲድ ወዲህ ነው፣ አንድ ክፍል፣ ግድግዳው ሰማያዊ፣ ማዕድ ቤቱ በመጋረጃ የተከፈለ። ስፌቴ ስላልደረቀ መሬት መቀመጥ አልችልም፤ ምራቷ ሱሬካ ከጎረቤት የፕላስቲክ ወንበር ተበድራ አመጣችልኝ፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አየችኝ። ምን እንደምል መንገድ ላይ አጥንቼ ነበር፣ ንግግር ነገር። ሳያት ሁሉም ጠፋኝ። «ያንቺ አማት አላጠፋችም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብቻ አልኳት። ጊርጃ ሻዩን በብርጭቆ አመጣችልኝ፣ ወተት የበዛበት፣ ዝንጅብል ያለበት፣ የሚያቃጥል። ሱሬካ እያየችኝ ጠጣሁ። እስከ ቅጠሉ ጠጣሁ። «ይጨመርልኝ» አልኩ፣ ሁለተኛውንም ሥሩ ትንሽ እስኪቀር ጠጣሁ። ምላሴ ተቃጥሎ ሁለት ቀን ጣዕም አላወቀም።

የሁለት ዓመቷ ልጅ ከመጋረጃው ሥር ወጥታ የአያቷን ጉልበት ያዘችና አፏን ከፈተች። ጊርጃ ብስኩት ቆርሳ ከብርጭቆዬ ሥር የቀረው ሻይ ውስጥ ነከረችው፣ ከዚያ እጇ አየር ላይ ቆመ፣ ወደ ሱሬካ አየች። ሱሬካ ከቁጢጧ ትንሽ ተነሣች። ስንቱን አስተኝቼ ይነቃ ይሆን ወይ ብዬ ጠብቄያለሁ፤ እንደዚያ አድርጌ የጠበቅኩት ሰው ግን አላስታውስም። ሱሬካ መልሳ ተቀመጠች። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

ልጅቷ ጎረሰች። ጊርጃም «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ደገመቻት።